ካመለጡ በኋላስ?

ሰው ላይ በተደረገ ሙከራ ተፈጥረው ከላቦራቶሪ ያመለጡ ልጆች ታሪክ አንባቢ አያጣም። እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ደራሲው መሄጃ ሲያጣ ሌላ ክፉ ሳይንቲስት ያመጣና ልጆቹን እንደገና ያስሮጣቸዋል።

የጄምስ ፓተርሰን «ዘ ሌክ ሀውስ» ትንሽ ለየት ይላል። በ2003 የወጣ ሲሆን (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በ1998 የታተመ መጽሐፍ ተከታይ ነው። በመጀመሪያው ክንፍ ያላቸው ልጆች ከላቦራቶሪ ይወጣሉ። በሁለተኛው ፍርድ ቤት ይጠብቃቸዋል። ማን ያሳድጋቸው? ወላጆቻቸው ወይስ ያተረፏቸው ሰዎች? እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ እዚህ ጥያቄ ላይ ብዙም አይቆይም፤ ወዲያው ወደ ሩጫው ይገባል። እኔ ግን ማንበብ የፈለግሁት ችሎቱን ነበር። የሥነ ምግባሩ ጣጣ ያለው እዚያ ነዋ።

በእውኑ ዓለምም እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ፤ ክንፍ ባይኖራቸውም። በ2018 መጨረሻ ላይ ቻይናዊው ተመራማሪ ሄ ጂያንኩዪ የመንትያ ሴት ልጆችን ዘረመል ገና ፅንስ ሳሉ ክሪስፐር በተባለው የዘረመል መቁረጫ መለወጡን ይፋ አደረገ። የሽፋን ስማቸው ሉሉ እና ናና ነው። ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ብዬ ነው አለ። አባታቸው ቫይረሱ በደሙ አለ። ግን የወንዱን ዘር አጥቦ ቫይረሱ እንዳይተላለፍ ማድረግ ቀድሞም የሚቻል ነገር ነው፤ ለእነሱም ተደርጓል። ታዲያ ዘረመል መቁረጡ ምን አመጣው?

ወላጆች እንዲፈርሙበት የተዘጋጀው ቅጽ ሥራውን «የኤድስ ክትባት ልማት ፕሮጀክት» ይለዋል። መቁረጫው ያልታሰበ ቦታ ቢቆርጥ፣ አሁን ያለው ሳይንስ ከሚችለው በላይ ለሆነው ጉዳት ቡድኑ ተጠያቂ እንደማይሆንም ይገልጻል። ልብ በሉ፤ ልጆቹ ሳይወለዱ ነው «ከደሙ ንጹህ ነኝ» የተባለው።

ሰውየው በ2019 ማብቂያ ሦስት ዓመት እስርና 3 ሚሊዮን ዩዋን ቅጣት ተፈረደበት። በ2022 ተፈታ። ፊልም ቢሆን ክፉው ሲታሰር ያልቅ ነበር። መንትዮቹና ከሌላ ቤተሰብ የተወለደችው ሦስተኛ ልጅ ግን የተለወጠውን ዘረመል ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። ሲወልዱም ሊያስተላልፉት ይችላሉ።

በዚያው በ2022 ቺዩ ሬንዞንግ እና ሌይ ሩዪፔንግ የተባሉ ቻይናውያን የሥነ ምግባር ምሁራን ልጆቹን የሚከታተል ልዩ ማዕከል ይቋቋም አሉ። ይሄማ ሌላ ቁጥጥር ነው ብለው የተቹም አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ካልተመረመሩ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ያውቃል? ከተመረመሩ ደግሞ ሙከራው መች አበቃ?

እኔ ሕክምናው በነጻ ይሰጣቸው ባይ ነኝ። መረጃቸው ግን ራሳቸው አድገው እሺ እስኪሉ ድረስ ለምርምር አይዋል። አንዱ በሌላው አይለወጥም።

ይህን የምለው የተስኪጊን ጉድ ስለማውቅ ነው። ከ1932 እስከ 1972 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አላባማ ውስጥ 600 ገደማ ጥቁር ወንዶችን በክትትል ስም አቆያቸው። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። የተነገራቸው «መጥፎ ደም አለባችሁ» ተብሎ ነው። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ መቅዳት ሲፈለግ ደብዳቤ ተላከላቸው፤ «ልዩ ነጻ ሕክምና የምታገኙበት የመጨረሻ ዕድል» ይላል። ሕክምና የሚባል ነገር አልነበረበትም። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ፍቱን መሆኑ ሲታወቅም እነሱ ተከለከሉ። አስከሬናቸው እንዲመረመር ከፈቀዱ ግን የቀብር ወጪ ይሸፈንላቸዋል። እንግዲህ ክትትል የተባለው ይሄ ነው።

ነገሩ የቆመው ጋዜጣ ስላጋለጠው ነው። በ1974 መንግሥት ክስ ቀርቦበት 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና በሕይወት ላሉት ዕድሜ ልክ ሕክምና ለመስጠት ተስማማ። በ1975 ሚስቶች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችና ልጆች ተጨመሩ። ልጆቹ የገቡት በሽታው ከአባት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ፅንስ ስለሚሻገር ነው። ይቅርታው ራሱ እስከ 1997 ቆይቶ በፕሬዚዳንት ክሊንተን አፍ ነው የመጣው።

ለእነ ሉሉም የምፈልገው የ1975ቱን ዓይነት ግዴታ ነው። ጋዜጣና ክስ ሳይጠበቅ፣ የሚወልዷቸውንም ልጆች ጨምሮ።