እንግሊዝኛችን የት ላይ ይይዘናል?

ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ ከውጭ እንደመጣህ ከታወቀ፣ አንዱ ጠጋ ይልና «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚሻሻለው?» ይልሃል። ለንደንም ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይነሳል። የሁለቱ ሰዎች ችግር ግን አንድ አይደለም።

የደሴ ተማሪ ግራመር ያውቃል፤ ለማሞካሸት ብዬ አይደለም። «ፕረዘንት ፐርፌክት ምንድን ነው?» ብትለው «ሃቭ ወይም ሃዝ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል» ብሎ ሳያመነታ ይመልስልሃል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ስለሚማር ፎቶሲንተሲስን ያስረዳሃል። የቤታችሁ ቧንቧ ያንጠባጥባል በል ስትለው ግን ዝም ይላል። ጭልፋ፣ ወንፊት፣ መጥረጊያ፣ የመብራት ማጥፊያ፣ ዝርዝር ሳንቲም፣ እነዚህ ሁሉ ደብተሩ ላይ የሉም። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ፊደል አጥቁረህ ትወጣለህ። አፍህ የሚፈተንበት ቦታ የለም። ልጁ ያልተጠየቀውን ባያጠና አልፈርድበትም።

ለንደን ያለው ወገናችን የተገላቢጦሽ ነው። ሆቴል ኩሽና ወይም ጽዳት ላይ የሚሠራው ሰው ሞፑንም፣ ባኬቱንም፣ ሌድሉንም ያውቃል። «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ሚልክ» ሲባል ወተት ማለቁን ወዲያው ይረዳል። ግን ዓመታት ቆይቶም «አይ ዌንት» ማለት ሲገባው «የስተርደይ አይ ጎ» ይላል። የሚለው ስለሚገባ ማንም አያርመውም፣ እሱም እንደዚያው ይቀጥላል። ኢሶል የሚባል ለመጤዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ። ከደረጃዎቹ ኢንትሪ 3 የሚባለው በአውሮፓው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ቢ1 ነው። መለኪያው ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃ አለው፤ ቢ1 የደረሰ ሰው ያየውን መተረክ፣ ሐሳቡን ከነምክንያቱ ማስረዳት ይችላል። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች የሥራ ፈረቃ እየያዛቸው እዚያ ሳይደርሱ አቋርጠዋል። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዲት የወሎ እናት እዚያው ለንደን ሐኪም ዘንድ ቀርበው «ዩ ሃቭንት ቴክን ዘ ታብሌትስ?» ተባሉ። «የስ» አሉ። በኛ አነጋገር «አልዋጡም?» ሲባል «አዎ» ማለት አልዋጥኩም ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን «የስ» ሲሉት ውጫለሁ ማለት ሆኖ ይሰማል፤ ካልዋጡ «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ነው መልሱ። ሐኪሙ ውጠዋል ብሎ ሊያልፍ ሲል ልጃቸው ገብታ አቃናችው። ልጃቸው አብራቸው ባትኖርስ?

ሌላም ደሴም ለንደንም ያለነውን የሚይዘን ነገር አለ። «ትናንት አይቼዋለሁ» እንላለን፣ ልክ ነው። ያንኑ ይዘን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ስንል ግን ይበላሻል። እንግሊዝኛ ያለፈውን ጊዜ ከጠራህ፣ የስተርደይ ወይም ላስት ዊክ ካልክ፣ «አይ ሶው ሂም» ነው የሚፈልገው። ጊዜውን ካልጠራህ «አይ ሃቭ ሲን ሂም» ይሄዳል። «ዲስከስ» ካልን በኋላ «አባውት» የምንጨምረውም «ስለ» ምላሳችን ላይ ስለምትቀድም ነው። ያለ «አባውት» ነው የሚባለው።

ታዲያ የት እንለማመደው? ወሎ ውስጥ ቡና ሳይፈላ የሚመሽ ቀን የለም። አቦሉ ላይ የትናንቱን አውሩ፦ «የስተርደይ አይ ዌንት ዳውን ቱ ኮምቦልቻ፣ ዘ ሚኒባስ ዋዝ ፉል።» ቶናው ላይ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ሐይቅ?»፣ ሐይቅ ከተማ ሄደህ ታውቃለህ? ተባባሉ። በረካው ላይ «ኢፍ»ን ሞክሩ፦ «ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ስቴይ ሆም።» ቡናው ራሱ ስንት ቃል ያስተምራል፤ ሮስት፣ ግራይንድ፣ ፖር፣ ስተር። የእህቴ ልጅ ሲኒ ስታቀብለኝ ቡናው ቄጠማው ላይ ፈሰሰና «አጎቴ፣ አይ ስፒልድ ነው አይ ሃቭ ስፒልድ?» አለችኝ። የፈሰሰው አሁን እዚህ እየታየ ስለሆነ «አይ ሃቭ ስፒልድ ዘ ኮፊ» ብትይ ያምራል፤ ነገ ለጓደኛሽ ስታወሪ ግን «አይ ስፒልድ ኢት የስተርደይ» ትያለሽ አልኳት። ደብተር አልፈለገችም፣ ገባት።

አንድ ነገር ግን እለምናለሁ። አትሳቁባቸው። ደሴ ላይ አንድ ልጅ አፉን ሲከፍት «ፈረንጅ ሆነ!» የሚል አይጠፋም፣ ልጁም ያኔውኑ ይዘጋል። ለንደን ላይ አውቶቡስ ውስጥ የመቶ አገር እንግሊዝኛ ይሰማል፣ ሁሉም እንደሚችለው ያወራል፣ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። እዚያ ያለው ሰው የሚናገረው ደፋር ስለሆነ አይደለም፣ የሚስቅበት ስለሌለ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለሥራ የሚያመለክት ተመራቂ «ዘ ማሽን ሃዝ ስቶፕድ»፣ ማሽኑ ቆሟል፣ ወይም «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ስሬድ»፣ ክር አልቆብናል፣ ማለት ሊያስፈልገው ይችላል። ቃሉ ከባድ ሆኖ አይደለም የሚያቅተው፤ ጮክ ብሎ ብሎት ስለማያውቅ ነው።

ውጭ ያለን ሰዎች ደግሞ ለዘመድ ስንደውል «ደህና ናችሁ? ደህና ነን» ብለን ብቻ አንዝጋ። እኔና የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በዋትስአፕ ጀምረናል። የወጥ ቤቱንና የመንገዱን ቃል ከኔ ትወስዳለች። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ደግሞ የሳምንቱን ሥራ በእንግሊዝኛ ይተርክላታል፣ «ጎ» ሲል «ዌንት» እያለች ታርመዋለች፣ እሱም ደስ ብሎት ይደግመዋል። ለመጪው ቅዳሜ ሐኪም ቤት የሚባለውን ሁሉ አዘጋጂ ብያታለሁ።