የእንጀራችን ጭስ ከእንጦጦ ነው

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስወጣ አንዲት እናት አጋጠሙኝ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመዋል። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ገመዱ ደረታቸውን ሰርስሯል።

«እማማ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አልኳቸው።

«ካወረድኩት ማን ያነሳልኛል ልጄ?»

እውነታቸውን ነው። ወገብ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ አጥር ቢኖር ሸክሙን አስደግፎ መቆም ይቻላል። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ያምራል፣ መቀመጫም አለው። መቀመጫው ግን እንደ እኔ ባዶ እጁን ለሚሄድ ነው፤ ሸክም አያሳርፍም።

ይህች ከተማ የባሕር ዛፍ ውለታ አለባት። አጼ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ የማገዶ እንጨት አለቀ። ዋና ከተማው በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ከተማ ሊዛወር ነበር። ባሕር ዛፍ መጥቶ በፍጥነት አደገና ቤተ መንግሥቱ እዚሁ ቀረ። ዛሬ «ውሃ ጠጪ» እያልን እናማዋለን። መጠጣቱስ ይጠጣል። በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ይተካ ሲባል እኔም እስማማለሁ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ደስ ይለኛል፣ እሑድ እሑድ አልቀርም። ግን ጽድ እስኪያድግ ስንት ዓመት ይፈጃል? የእኚህ እናት ምሳ ደግሞ የዛሬ ነው።

ሰሜን ሸዋ ያለውን መንዝ ጓሳን አስቡት። ሕዝቡ ራሱ በሥርዓት ሲጠብቀው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያለፉት ተራራ ነው። ሳሩ ለዓመታት ይከለከላል። ሲፈቀድ ደግሞ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይታጨዳል። ጠባቂውም አጫጁም አንድ ሰው ስለሆነ ነው የከረመው። እንጦጦ ላይ ግን ዘበኛው ሌላ፣ ቅጠል ለቃሚዋ ሌላ። ችግኝ ማፍላቱንና መንከባከቡን በቋሚ ደመወዝ ለቅጠል ለቃሚዎቹ መስጠት፣ የወደቀውን ቅጠልም በቀን ለይቶ እንዲለቅሙ መፍቀድ ምን ይከብዳል?

ደግሞ ጣታችንን ተራራው ላይ ብቻ አንቀስር። ጭራሮውንና ቅጠሉን የሚገዛው ማን ሆነና? እዚሁ መሀል ከተማ ያለን እንጀራ በሊታዎች ነን። የሰፈሬ እንጀራ ጋጋሪ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ደንበኛ ተሰልፏል። ልጇን ጠርታ ብር ሰጠችው፤ «ሩጥ፣ ሽሮ ሜዳ ቅጠል አምጣ!»