ወንድ ስለሆነ ብቻ አትግዙ

ስለ ባጂ በቀቀን፣ ማለትም ቤት ውስጥ ስለሚያረቡት ትንሽ በቀቀን፣ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ባጂ ስትመርጡ ወንዱን ውሰዱ፣ የሚያወራው እሱ ነው» ይላል። ልክ ነው፣ ወንዶቹ ቃል ቶሎ ይይዛሉ። ግን ጫጩት ላይ ጾታውን በምን ትለያላችሁ? ከምንቃሩ በላይ፣ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ያሉበት ቦታ በወንዱ ሰማያዊ፣ በሴቷ ቡናማ የሚሆነው ካደጉ በኋላ ነው፤ ሙሉ ነጭና ሙሉ ቢጫዎቹ ላይ ደግሞ ወንዱም ብዙ ጊዜ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዕድሜውን ነው። የግንባሩ ጥቋቁር መስመሮች እስከ ምንቃሩ ከወረዱና የዓይኑ ብሌን ዙሪያ ነጭ ቀለበት ከሌለ፣ በአብዛኛው ከ4 ወር በታች ነው፣ ሰው ቶሎ ይለምዳል። ላባውን ነፍቶ ጥግ ላይ የሚያንቀላፋውን ግን «ጨዋ ነው» ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ታሞ ሊሆን ይችላል። የኔዋ ሴት ናት። አንድ ቃል አታወራም፣ ግን ትከሻዬ ላይ ወጥታ ጆሮዬን ካልነካከሰች ቀኑ አይመሽላትም።