ሳይቀምሱ መማል

ሙሴ ባለፈው ቅዳሜ ብርጭቆ አነሳ፣ አሸተተ፣ መልሶ አስቀመጠው። አልቀመሰም። «ይሄ ቢራ አይደለም» አለ። ከዚያ አስተናጋጇን ጠርቶ «የኔን አምጪልኝ» አላት። የሱ የቱ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሙሴን ቢራ የማያውቅ አስተናጋጅ ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው።

ሙሴ የቤት ስሙ አይደለም። ባቡር ድርጅት ውስጥ ከፈረንሳይኛ ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ስለሆነ፣ እንደ ፈረንሳዮቹ «ሞሲዬ» ለማለት፣ እንዲያ እንለዋለን። የእህቱ ልጅ ከጀርመን ለእረፍት መጥቷል። ሰው ከውጭ ሲመጣ ለአጎቱ ጫማ ነው የሚያመጣው፤ ቢበዛ ሽቶ። ይሄኛው ጠርሙሶች በካልሲ ጠቅልሎ መጣ። ክራፍት ቢራ የሚሉት ነው፤ በትንሽ ቤት፣ በትንሽ በርሜል፣ በጠማቂው አመል የሚጠመቅ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ደፍራሳ፣ አንዱ ጭስ ጭስ የሚል፣ አንዱ ኮምጣጣ። ልጁ «ጋሼ፣ እባክህ አንዴ ብቻ ቅመሰው» እያለ ይለምናል። ጋሼ ፊቱን ወደ ባቡር ጣቢያው አዙሯል።

አልጠጣም ያለ ሰው ላይ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም ይመረቅ። እኔን ያናደደኝ ያልቀመሰውን ነገር መበየኑ ነው። ዳኛ እንኳን ምስክር ይሰማል።

ምስክር ካልን አይቀር፣ ጠረጴዛችን ላይ አንድ ሐረሪ ወዳጃችን አለ። አልኮል በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ከሶፊ ማልቱ ጋር ነው የሚቀመጠው። ያን ቀን ጠርሙሶቹን በሥነ ሥርዓት የመረመረው እሱ ብቻ ነበር። አንድ በአንድ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። የጭሱ ላይ ሲደርስ ዓይኑ በራ። «ዋሪያ! ይሄ እኮ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ሽታ ነው!» አለ። ልጁ በደስታ ሊያቅፈው ምንም አልቀረውም። ባምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ እያደረቁ ነው አሉ የሚጠምቁት። የማይጠጣ ሰው በአፍንጫው ብቻ ባምበርግ ደርሶ ተመለሰ። የሚጠጣው ሙሴ ከወንበሩ አልተነሳም።

ሙሴ የመለሰልን በተረት ነው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

አልዋሽም፣ ተረቱን እወደዋለሁ። እንዲህ የሚያሳርፍ ተረት የለም። ሚስቴ መብራቱን የሚያቃጥልብንን ኤሌክትሪሺያን እንቀይር ስትለኝ የምመዘው እሱን ነው። አንድ ጆሮዬን ሁሌ የሚነካብኝ ፀጉር ቆራጭም ወንበሩን ያላጣው በዚሁ ተረት ነው። ግን ቆይ፣ ማነው መልአኩን እንዳናውቀው የከለከለን? በሩን አንኳኩቶ ቆሟል። ስሙን እንኳ ሳንጠይቀው «ሂድ፣ እኛ ሰይጣን አለን» እንለዋለን። ይህች አገር ውስጥ በዚህ ተረት ከሥልጣን ያልወረደ የዕድር ዳኛ፣ ከጋራዥ ያልተባረረ መካኒክ ስንቱ ነው! ተረቱ ለሰይጣን ጡረታ አስከብሯል።

ወደ ቢራው ልመለስ። ሙሴ «የአገሬን ቢራ ነው የምጠጣው» ይላል። የአገሩ ማለት ሐረር ነው። ድሬ ተወልዶ የሐረር መባሉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከተማችንም መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ስለዚህ ሙሴ በባቡሩ ጉዳይ ድሬ፣ በቢራው ጉዳይ ሐረር ነው። ይሁን። ግን ፋብሪካው በደርግ ጊዜ ተቋቁሞ በ2003 ዓ.ም. ከበደሌ ጋር በሆላንዱ ሄኒከን ተገዝቷል። ከአጠገባችን ያለው ጠረጴዛ የጊዮርጊስ ነው፤ እነሱ ደግሞ ለፈረንሳዩ ካስቴል ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይሟገታሉ። ሆላንድና ፈረንሳይ ራሳቸው የኛን ያህል አይነታረኩም። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ሲጠፋ ፋብሪካዎቹ ምን ይውጣቸው ብዬ አዝኜ ነበር። ለካ ሙሴ አለ። ደሞዝ አይጠይቅ፣ ሂሳቡን ራሱ ይከፍላል።

የሚያስቀውስ ምኑ ነው? በመለያው የምንጣላባቸው ቢራዎች ወንድማማቾች ናቸው። አብዛኞቹ ላገር የሚባለው ዘር ናቸው፤ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላ፣ የተጣራ፣ ወርቅማ፣ ለስላሳ። ኤል የሚባለው ሌላው ዘር ሞቅ ባለ ቦታ ቶሎ ይፈላል፤ የፍራፍሬ ሽታ የሚያመጣውም እሱ ነው። የባቫሪያው የስንዴ ቢራ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል፤ ውስጡ ግን ሙዝም ቅርንፉድም አልገባም፣ የእርሾው ሥራ ነው። ይሄን ልጁ ሲያስረዳ ሙሴ «ሙዝ ከፈለግሁ አሸዋ ገበያ ሄጄ እገዛለሁ» አለ።

ይሄ ሰው ምላስ የለውም እንዳትሉ። ጫቱን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ መቼ እንደተቀጠፈ ይነግራችኋል። አወዳይ ነው ብለው ሌላ ቢያቀርቡለት ቤት ይነቀላል። ቡናውንም እንዲሁ። እኛ እኮ ከአንድ የቡና ዛፍ ፍሬውን ለብቻ፣ ገለባውን ለብቻ፣ ቅጠሉንም ቁጢ ብለን ለብቻ የምናፈላ ሰዎች ነን! ቢራ ላይ ሲደርስ ብቻ ያ ሁሉ ምላስ ቁርባን እንደተቀበለ ሰው ይዘጋል። ሐረር ቢራ ፋብሪካ ራሱ በሀኪም ተራራ ስም ሀኪም ስታውት የሚባል ጥቁር ቢራ አውጥቶ እንደነበር ባስታውሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱማ ለአራስ ነው።»

አረፋን በተመለከተ ግን የምለው አለኝ። ልጁ ሲቀዳ ከላይ ሁለት ጣት አረፋ ተወ። አረፋው መዓዛውን ይይዛል አለን። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አረፋ ሲነሳብኝ ደሜ ይፈላል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት አለ። በድሬ ሐሩር ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ጃንቦ አዘዝኩ። ግማሹ አረፋ ሆኖ መጣ። እስኪረጋ ስጠብቅ ሞቀ። «ጨምርልኝ» ስለው አስተናጋጁ ምን አለኝ? «አረፋውም ቢራ ነው፣ ጋሼ።» አረፋውም ቢራ ነው! ታዲያ ገንዘቡን በአረፋ ልክፈልህ? አሁንም ስጽፈው ያንገበግበኛል። በሙሉ ብርጭቆ ሂሳብ ግማሽ ብርጭቆ መሸጥ ሌብነት ነው፤ ጋሼ ተብሎ ስለተሸጠ ሌብነቱ አይቀርም። የዚያ ቤት ድራፍት ደግሞ ሁሌ ኮምጠጥ ይላል። ቱቦው ካልታጠበ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣ ቢራ በርሊን ውስጥ ሆን ተብሎ ተጠምቆ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሽሮፕ ጠብ ተደርጎበት የሚቀርብ የተከበረ መጠጥ መሆኑን ልጁ ሲነግረኝ ያ ቤት ትዝ አለኝ። እኔ ለካ ስንት ዘመን በርሊን ስጠጣ ኖሬያለሁ፤ የጎደለው ሽሮፑና የቱቦው መታጠብ ብቻ ነው።

ልጁም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላስደሰተኝም። ሁሉንም እንደ ግኝት ነው የሚያወራው። ደፍራሳ ቢራ አሁን በዓለም ላይ ፋሽን ነው፣ ሳይጣራ ነው የሚቀርበው ይለኛል። ወንድሜ፣ እሱ ጉሽ ነው። የጭሱስ? ጋን በግራዋ አጥባ በወይራ ያጠነች ሴት ባምበርግን አትሰማም። ገብስ ቆልቶ ማጥቆር? አሻሮ። ምላስ የሚቆላልፍ መራራ ቢራም አላቸው፣ አይፒኤ ይሉታል፤ ምሬቱ ሆፕስ ከሚባል አበባ ነው። ጌሾ የበዛበት ጠላ የጠጣ ሰው አይደነግጥም። የባቫሪያ ጀርመኖች በ1516 እ.ኤ.አ. ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር አይጠመቅ ብለው በሕግ አሰሩ። እኛ ማንም አላሰረንም። ጤፍ ያለው በጤፍ፣ ማሽላ ያለው በማሽላ፣ ዳጉሳ ያለው በዳጉሳ ጠመቀ። ቅራሪ አለ፣ ጎንደር ላይ ኮረፌ አለ፣ ደቡብ ቦርዴ አለ። ይሄን ሁሉ ትተን ነው አንድ ዓይነት ቢራ በተለያየ ወረቀት ጠቅልለን የምንፎካከረው። በወረቀት!

ሙሴንስ ረሳሁት። ያው ነው፤ የሱን እየጠጣ ነው። ጥቁሩንና ደፍራሳውን እኔና ልጁ ተካፈልናቸው። ደፍራሳው ግሩም ነበር።

በማግስቱ ልጁን ሳቢያን ሰፈር ጠላ ወደሚሸጡ እናት ይዤው ሄድኩ። ጉሹን ቀመሰና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳ ጀመር። እሳቸው ግራ ገባቸው። «ምን ሆኗል ልጁ?» አሉኝ። «እማማ፣ እሱ ባለበት አገር እንዲህ ያለውን ደፍራሳ እየፈለጉ ነው የሚጠጡት» አልኳቸው። «አሃ። ስንት ይሸጡታል?» ልጁ ነገራቸው፤ በዩሮ። እኔ ደግሞ ምን አቀበጠኝ፣ በብር መነዘርኩላቸው። እማማ ጆጓቸውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉ። አሁን እዚያ ቤት የጠራው በድሮው ዋጋ ነው። ጉሹ እጥፍ ገብቷል፣ ዱቤም የለውም።