አንዲት ጠጠር በገፈርሳ

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሆነን ገፈርሳ ግድብ ዳር ቆመናል። ቦታው ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወጣ ብሎ ያለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው፤ ፀሐይ እያለች እንኳ ከውሃው የሚነሣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የአውሮፓን የበረዶ ወራት ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎች መሐል ላይ ተኮልኩለዋል። እኛን ያከራከሩን ግን ዳር ላይ ሣር የሚግጡ ሰባት ዝይዎች ናቸው።

«ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ናቸው ትላላችሁ፤ ሰማያዊው የታለ?» አለ ፎቶ አንሺው። እውነት ነው፣ ቆሞ ሲታይ አመድማ ቡናማ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ጀርባው ላይ አሳርፎ ይራመዳል፤ ሰማያዊው ደምቆ የሚታየው ሲበር ነው። ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሣ። «አንዲት ብቻ ውሃው ላይ ልጣል። ይነሣሉ፣ አነሣቸዋለሁ፣ ተመልሰው ያርፋሉ። ማን ተጎዳ?»

ማስታወሻ የያዘችው ሴት ቀና አለች። «ቆጥሬ አልጨረስኩም። ከወዲህ ተነሥተው ከወዲያ ቢያርፉ ሰባቱን ዐሥራ አራት ብዬ ልጻፍ?» የጥር የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በብዙ አገሮች የሚካሄድ ነው፤ ለእርሷ ሰባት ማለት ሰባት ነው።

«የግብፅ ዝይ ቢሆኑስ? ያለ ማስረጃ የተጻፈ ቁጥር ምን ይረባል?» አለ ፎቶ አንሺው።

«ልጄ፣ እግሩን እይ» አሉ ጡረተኛው መምህር። «የግብፅ ዝይ እግሩ ሮዝማ ነው፣ ዐይኑንም ቡናማ ቀለም ከብቦታል። የዚህ ምንቃሩም እግሩም ጥቁር ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለክንፉ ነው።»

«ሰው የማይሸሸው ለምን ይመስልሃል? የደጋ ሰው የውሃ ወፍ አይበላም። ስንት ትውልድ ሳይነካው ኖሮ ነው የለመደን።»

«እኔስ ልብላው አልኩ?»

እኔ ከመምህሩና ከቆጣሪዋ ጋር ነኝ፤ የራሴ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀራትም። የበጋ ሌሊት በደጋ ሣሩን በውርጭ ያነጣዋል፤ ያ ወፍ ሌሊቱን የሚያድርበትን ሙቀት በዚያች ሰዓት እየጋጠ ነበር። በከንቱ ማስበረር ከአፉ መንጠቅ ነው። ቢሆንም ፎቶ አንሺውን ሦስት ሆነን መውቀሳችን አሁንም ይቆጨኛል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የማይገኝን ወፍ ሰማያዊ ለማየት መጓጓት ምን ነውር አለበት? መምህሩ ቴሌስኮፑን አዙረው ጥቁሩን እግር ቢያሳዩት፣ እኔም አብሬው ሣሩ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ክርክሩ በተጀመረበት ባበቃ ነበር። ላባውን ሲያጸዳ ክንፉን መዘርጋቱ አይቀርም፤ የሚያስፈልገው መጠበቅ ነው።

ጠጠሩ ኪሱ ገባ። ማስታወሻው ላይ 7 ተብሎ ተጻፈ።