መላጣነት የመጠጥ ቅጣት አይደለም

አንድ ጓደኛዬ 26 ዓመቱ ላይ ግንባሩ ግራና ቀኝ ገባ ገባ ማለት ጀመረ። ቀድሞ ያየው ፀጉር የሚያስተካክለው ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ትራሱን ሳይመረምር አይነሳም። የረገፈው በደንብ እንዲታየው ነጭ የትራስ ጨርቅ ገዛ። በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። “መጠጥ ታበዛለህ” ይለዋል አንዱ። “የምትበላው ነገር ነው” ይላል ሌላው። እሱም አመነ። የቅዳሜ ቢራውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ሥጋ ተወ፣ እንቁላል ተወ፣ ራት መብላት ተወ። በሦስት ወር 14 ኪሎ ቀነሰ። ፀጉሩ ግን ጭራሽ ባሰበት። አንድ ቀን ቤቱ ስሄድ ሻወሩ ሥር ተንበርክኮ የተደፈነውን የውሃ መውረጃ በጣቱ ሲጠርግ አገኘሁት። የጠቀለለውን ፀጉር መዳፉ ላይ አድርጎ እያሳየኝ፣ “ሁሉንም አቆምኩ እኮ፣ ሌላ ምን ላቁም?” አለኝ።

ጥያቄው እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ወንድ መላጣ ሲሆን ጥፋት ይፈለግለታል። ጠጥቶ ነው፣ ኮፍያ አብዝቶ ነው፣ ቫይታሚን አንሶት ነው ይባላል። አብዛኛው የወንዶች መላጣነት ግን መጠጥም ምግብም ያመጣው አይደለም። ይህን ወሬ አምነን የምናባክነው ጊዜ ደግሞ ፀጉሩን ሊያተርፍለት ይችል የነበረው ጊዜ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

እስቲ የአንድ መላጣ ሰው ማጅራት ተመልከቱ። ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከኋላ በኩል፣ ፀጉሩ እንዳለ ነው። ራሱ አንድ ነው፣ የሚደርሰው ደምም አንድ ነው። የጠጣው ቢራም የበላው ምግብም የሚሄደው በዚያው ደም ነው። ታዲያ መጠጡ የግንባሩን ፀጉር ካረገፈ የማጅራቱን ለምን ይምረዋል? ልዩነቱ ያለው የፀጉሩ ሥር ላይ ነው። ሰውነታችን ቴስቶስትሮን ከሚባለው የወንድነት ሆርሞን ዲኤችቲ የሚባል ሌላ ሆርሞን ይሠራል። በዘር ለዚህ በተጋለጠ ሰው የግንባርና የአናት የፀጉር ሥሮች ይህን ሆርሞን አይችሉትም። ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ይሄዳሉ። ወፍራም ፀጉር ያበቅል የነበረው ሥር ቀጭን ማብቀል ይጀምራል። ቀጥሎ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ነገር ብቻ ይወጣል፤ ኋላም እሱም ይቀራል። የማጅራቱ ሥር ግን ያው ሆርሞን እየደረሰው ምንም አይሆንም። የፀጉር ንቅለ ተከላ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ከማጅራት ተነስቶ ግንባር ላይ የተተከለ ፀጉር የማጅራት ጠባዩን ይዞ ይኖራል።

ነገሩ ትናንት የተደረሰበትም አይደለም። በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ጃንደረባ መላጣ እንደማይሆን ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ምክንያቱን አሳየ። ከጉርምስና በፊት የዘር ፍሬያቸውን ያጡ ወንዶች መላጣ አልሆኑም። ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ግን በቤተሰባቸው መላጣ ያለባቸው ፀጉራቸው መሳሳት ጀመረ። ሆርሞኑና ዘሩ መገናኘት አለባቸው ማለት ነው። “የእናትህን አባት እይ” የሚባለውም ግማሽ እውነት አለው። ከዋነኞቹ ጂኖች አንዱ ወንድ ልጅ ከእናቱ በሚወርሰው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ52,000 በላይ ወንዶችን ያየ የብሪታንያ ጥናት ከ280 የሚበልጡ የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል። አብዛኞቹ ከአባትም ከእናትም ሊመጡ የሚችሉ ናቸው።

ወደ መጠጡ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2013 በ92 ወንዶች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሁሉም ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ናቸው። የመንታው ዘር አንድ ስለሆነ፣ በሁለቱ ፀጉር መካከል ልዩነት ካለ ከኑሯቸው ሊሆን ይችላል ከሚል ነው የተነሱት። በሳምንት ከአራት መጠጥ በላይ የሚወስዱት ግንባራቸው ግራና ቀኝ የበለጠ ሳስቶ ተገኘ። እዚህ ላይ ማንበብ ያቆመ ሰው “ይኸው፣ አላልኩህም?” ይላል። በዚያው ጥናት ግን አናታቸው ላይ ይበልጥ የሳሳባቸው ጭራሽ የማይጠጡት ነበሩ። አንድ መጠጥ ግንባሩን እየጎዳ አናቱን ይጠብቃል ብሎ ማመን ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ የተለያዩ ጥናቶችን ደምረው ያዩ ተመራማሪዎችም መጠጥን ከዚህ ዓይነቱ መላጣነት ጋር በእርግጠኝነት ማያያዝ አልቻሉም። ከባድ ጠጪ ጋ እንዲያውም የሚሆነው ሌላ ነው። ጉበቱ ጠባሳ አብዝቶ ሲጎዳ (ሲሮሲስ የሚባለው ነው) ቴስቶስትሮኑ ይወርዳል፣ የደረትና የብብት ፀጉሩ ይሳሳል።

ጠጡ እያልኩ አይደለም። አልኮል ካንሰር ያመጣል፣ ጉበት ያጠፋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ለማቆም ይህ ከበቂ በላይ ነው። ፀጉርን ማስፈራሪያ ስናደርገው ግን ሰውየውን እንጎዳዋለን። ስድስት ወር ሳይጠጣ ከርሞ መስታወት ያያል። ግንባሩ ያው ነው። “ምንም ለውጥ የለም” ብሎ ተመልሶ ይጀምራል። (ሲጋራ ላይ ግን ይህን ያህል አልከራከርም። በእሱ ላይ ያለው ማስረጃ ከመጠጡ ይጠነክራል።)

የምግቡ ነገር ትንሽ ይወሳሰባል። ምግብ ፀጉር ያረግፋል፤ የሚያረግፈው ግን በሌላ መንገድ ነው። ራሳችን ላይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ። አብዛኛው በማደግ ላይ ነው፣ ጥቂቱ እረፍት ላይ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤነኛ ነገር ነው። ሰውነት ድንገት ሲደነግጥ፣ ማለትም ከፍተኛ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ረሃብ ሲያገኘው፣ ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ እረፍት ይገባል። የሚረግፈው ያኔ አይደለም፤ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። ለዚህ ነው ሰው መንስኤውን የሚስተው። ጓደኛዬን ያገኘው ይሄ ነው። ሻወሩን የደፈነው ፀጉር የተወው ቢራ ሳይሆን የተወው ራት ነው። ይህኛው መርገፍ ግን ሥሩን አይገድልም። በደንብ መብላት ሲጀመር ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ግንባር ላይ ገባ ገባ ያለው ግን በመብላት አይመለስም። ሁለቱ በአንድ ራስ ላይ አብረው ሲመጡ ነው ሰው ግራ የሚጋባው።

የብረት ማነስ፣ የዚንክ ማነስ፣ የፕሮቲን ማነስም ፀጉር ያሳሳሉ። በደም ምርመራ የታየ ማነስ ካለ መታከም አለበት። ማነስ ሳይኖር የቫይታሚን እንክብል መዋጥ ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ አንዳንዴም አደጋ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል። ሰሌኒየም የሚባለው ማዕድንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ሰፕልመንት በስህተት ከተጻፈበት 200 እጥፍ ሰሌኒየም ተጨምሮበት፣ 201 ሰው ታመመ። ብዙዎቹ ፀጉራቸው ረገፈ። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን ደግሞ በብዛት ሲወሰድ የደም ምርመራን ያሳስታል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚለይበትን ምርመራ ጭምር።

የሚሠራ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ሚኖክሲዲል የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ የሚቀባው ለመላጣነት ተፈቀደ። ፊናስተራይድ የሚባለው እንክብል እ.ኤ.አ. በ1997 ተከተለ። እሱ ቴስቶስትሮን ወደ ዲኤችቲ እንዳይለወጥ ይቀንሳል። በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትና ስሜት ሊነካ ስለሚችል ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚጀመር ነው። ሁለቱም ሲቆሙ ያተረፉት ፀጉር ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን ሁለቱም የሚያተርፉት ገና ያልሞተ ሥር ነው። ለዚህ ነው አንድ ዓመት ጎጂውን ምግብ ሲፈልጉ መክረም የሚያስቆጨኝ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ቆዳ ሐኪም ጋ ሄደ። ሐኪሟ በማጉያ ፀጉሩን አየች። ግንባሩ ላይ ወፍራምና ቀጭን ፀጉር ተቀላቅሎ አሳየችው። ቀጥላም ሌላ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችው፤ “በቅርቡ ክብደት ቀንሰሃል?” አሁን ራት ይበላል። ሻወሩም አይደፈንም። ሚኖክሲዲል ከጀመረ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፀጉሩ እንደገና በዛ ብሎ ረገፈ። መጀመሪያ ላይ እንዲህ እንደሚሆን ነግራው ነበር፤ አዲሱ አሮጌውን እየገፋ ነው፣ ቢያንስ አራት ወር ጠብቅ ብላዋለች። እሱ ግን አላስቻለውም፣ ሌሊት ደወለልኝ። እስኪነጋ አወራን። አራተኛው ወር ገና አልደረሰም።