መዝገበ ቃላት ስል ለሳቁብኝ ባልደረቦቼ

ሰሞኑን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ከልቦለድ ውጭ ካነበብናቸው መጻሕፍት በማስተማራችን ላይ ብርቱ አሻራ የተወው የትኛው እንደ ሆነ ተጠያየቅን። አብዛኛው ሰው የሥነ ልቦናና የስኬት መጻሕፍትን ጠራ። በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ አማርኛ የማስተምረው እኔ «መዝገበ ቃላት» ስል ግን ተሳቀብኝ፤ ይህ የዘገየ መልሴ ነው።

ያልሁት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ተረከቡት፤ እርሳቸውም ሳይታተም ስላረፉ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ከፍጻሜ አድርሰው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ደስታ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ያሳተሙት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። እኔ ግን አንድን ምዕራፍ በአንድ ሳምንት ካልጨረስሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ መምህር ነበርሁ። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ተማሪዎቼ ከቤታቸው ቃል ይዘው እንዲመጡ ጊዜ እሰጣቸዋለሁ። አንዲት ልጅ አያቷ ባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ብርድ ልብስ) ሲሠሩ የሚናገሯቸውን ቃላት ጽፋ መጣች፤ ገሚሱን ከደስታ መዝገብ አገኘነው፤ ያላገኘነውን ከነትርጉሙ በደብተራችን አሰፈርነው።

አያቶችን መጠየቅን የተማርሁት ግን በ1959 ዓ.ም. ከታተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነው። መንግሥቱ ለማ አባታቸውን እየጠየቁ፣ የሽማግሌውን ንግግር በቴፕ ቀድተው፣ የቆሎ ተማሪውን ኑሮ ከነሳቁ አቆዩልን። ከዚህ የሚበልጥ የቃለ መጠይቅ ማስተማሪያ አላውቅም።

የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ሰዓት ሥራ እንደሚለውጥ የሚያስረዳውን ክፍል የበግ ፀጉር ለሚያውቁ የመንዝ ልጆች ሳነብላቸው ምሳሌ መፈለግ አያሻኝም፤ ገበያቸው ውስጥ ባናው ከውጭ ከመጣው ብርድ ልብስ አጠገብ ተዘርግቶ ያዩታል።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍም አልዘለልሁትም። አማራው ተባብሮ መሥራት ይቸግረዋል ባለው ላይ ግን፣ ደቦና ወንፈል ባለበት አገር እንዳደገ ሰው፣ አሁንም እከራከረዋለሁ።

የብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት በአጋዥ መጻሕፍትና በፈተና መለማመጃ ተሞልቷል። ለመጽሐፍ መግዣ ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ከላይ ለጠራኋቸው ዓይነት መጻሕፍት ቢውል ተማሪው አካባቢውን የሚጠይቅበት መሣሪያ ያገኛል። የእኔ አለቃ ለማ ከአንዱ ተማሪ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ሽፋኑን ጥሏል፤ ሁለተኛ ቅጂ እዚህ እስካሁን አላየሁም።